ዶክትሬቱና የሌሊቱ ተራ፦ ነርስ ተምሮ ወዴት ይሂድ?

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ባሉት የጤና ተቋማት፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ወንድ ሁሉ «ዶክተር» ይባላል፤ ሴቷ ደግሞ «ሲስተር» ናት። ከአንድ ክፍል፣ በአንድ ቀን ከተመረቅሁት የሥራ ባልደረባዬ ጋር ጎን ለጎን ስንሠራ እርሱ «ዶክተር» እኔ «ሲስተር» እየተባልን ዓመታት አሳልፈናል። ሁለታችንም ነርሶች ነን። ሕዝቡ ማዕረጉን የሰጠው ከልብሱና ከፆታው ተነሥቶ እንጂ ከትምህርቱ ተነሥቶ አልነበረም።

ዛሬ በነርሲንግ የዶክትሬት ትምህርት ላይ መሆኔን የሰሙ ዘመዶቼ «እንግዲህ ሐኪም ልትሆኚ ነው?» ይሉኛል። የሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ «እሰይ፣ ከሌሊት ተራ ተገላገልሽ» ይሉኛል። ሁለቱም አባባሎች ከደግነት የመነጩ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም በአንድ እምነት ላይ ቆመዋል፤ ነርስ ብዙ በተማረ ቁጥር ከነርስነት ይወጣል የሚል እምነት። የመጀመሪያው አባባል ወደ ሌላ ሙያ ያሻግረኛል፤ ሁለተኛው ከሕመምተኛው አልጋ ያርቀኛል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የማቀርበው አስተያየት ከዚህ የተለየ ነው። በነርሲንግ የሚገኝ ዶክትሬት ዋጋው የሚመዘነው በአልጋው ዳር ነው፤ ጥያቄውም ከዚያ መነሣት፣ መልሱም ወደዚያ መመለስ አለበት። አሁን ባለው አሠራር ግን ትምህርቱ ብዙዎቻችንን ከዋርዱ እያወጣ አይመልሰንም። ጉድለቱን ማረም የምንችለውና የሚገባንም እኛው፣ ተመራማሪ ነርሶችና የምንማርባቸው ተቋማት ነን።

ጥያቄው የተነሣበት ሌሊት

ደጋ ላይ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ በኅዳር ወር፣ ውርጭ በወረደበት አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ከአንድ ጤና ጣቢያ በሪፈር መጣ። አያቱ በነጠላ ጠቅልለው፣ በላዩ ጋቢ ደርበው በደረታቸው አቅፈውታል። ነጠላው ግን ገና ሲወለድ የተጠቀለለበት ነበርና እርጥበቱ አልለቀቀውም። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ማሞቂያው አይሠራም። ቴርሞሜትሩ ከ35 ዲግሪ በታች አነበበ። የምናውቀውን ሁሉ አደረግን፤ እርጥቡን ገፈፍን፣ አደረቅነው፣ ባርኔጣ አለበስነው፣ ከእናቱ ደረት ጋር አገናኘነው። ሕፃኑ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ።

በካርዱ ላይ የሞት ምክንያት ተብሎ የተጻፈው «ያለ ጊዜው መወለድ» የሚል ነው። ስሕተት አልነበረም። እናቲቱ ግን እጄን ይዛ «ሲስተር፣ ልጄን የገደለው ብርድ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አያትዮዋ «ዝም በይ፣ አላህ ያመጣውን» ብለው ገሠጿት። እኔ መልስ አልነበረኝም። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የሙቀት መጠን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር፤ ሕፃኑ ከጤና ጣቢያው ሲነሣ ስንት ዲግሪ እንደነበረ፣ በመንገድ ስንት እንደወረደ የሚነግረኝ ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ወደ ቤቴ ሳልሄድ የቆዩ ካርዶችን አገላበጥኩ። በአብዛኞቹ ላይ ያው ቦታ ባዶ ነበር። ከባዶዎቹ መካከል በራሴ እጅ የሞላኋቸው፣ የእኔ ፊርማ ያለባቸው ካርዶችም ነበሩ። ስንፍና ነው ብዬ ለማለፍ አልቻልኩም፤ ሥራውን አውቀዋለሁና። አንዲት ነርስ በሌሊት ለስንት ሕመምተኛ እንደምትደርስ፣ ያለው አንድ ቴርሞሜትር ከክፍል ክፍል እንዴት እንደሚዞር አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ያልተመዘገበ ነገር አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረም ነገር እንዳልሆነ ይቀራል። ወደ ዶክትሬት ትምህርት የመራኝ የማዕረግ ፍላጎት ሳይሆን ለዚያች እናት ያልመለስኩት ጥያቄ ነው።

አኃዞቹ ምን ይነግሩናል?

የአንዲት ሌሊት ትዝታ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ወደ አገራዊው መረጃ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶችን ድርሻ 26 በመቶ አድርጎ መዝግቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት ይኸው ድርሻ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። በሦስት ዓመት ውስጥ በእጥፍ ሊሆን ምንም ያልቀረው ለውጥ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት የሠሩት ሥራ፣ የእናቶች ማቆያዎች፣ አምቡላንሶች፣ ይልቁንም ቃሬዛ ተሸክሞ ገደል የሚወጣው የቅሬው ሰው ድካም በዚህ ቁጥር ውስጥ አለ።

በእነዚሁ ሁለት ጥናቶች መካከል የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከ1,000 በሕይወት ከሚወለዱ 29 የነበረው 33 ሆኖ ተመዝግቧል። በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የናሙና ጥናት የስሕተት ወሰን ስላለው ሞቱ ጨምሯል ብሎ ለመደምደም አይቻልም። ቢያንስ ግን አልቀነሰም። እናቶችን ወደ ተቋም ማምጣት ተችሏል፤ ተቋም ደርሶ ከተወለደ በኋላ ግን ሕፃኑ በሚጠበቀው ልክ አልዳነም።

ታዴዎስና ሜን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ሥራ የእናቶችን ሞት በሦስት መዘግየቶች አስረድተው ነበር፤ ለመሄድ በመወሰን፣ ተቋም በመድረስና ከደረሱ በኋላ ተገቢውን አገልግሎት በማግኘት ላይ የሚደርስ መዘግየት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የቤተ ሰቡ፣ የመንገዱ፣ የኅብረተሰቡ ናቸው። ሦስተኛው የእኛ ነው። ይህም ቤት በአብዛኛው በነርስና በአዋላጅ እጅ ያለ ነው፤ ማድረቅ፣ ማሞቅ፣ ማጥባት፣ መለካት፣ መመዝገብ፣ በጊዜ ማሳወቅ።

የእነዚህ «ጥቃቅን» የሚባሉ ሥራዎች ክብደት በጥናት ተመዝኗል። ሕፃኑን ከእናቱ ገላ ጋር አጣብቆ የማቀፍ ዘዴ፣ እኛ የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ ማሞቂያ ሣጥን ባጠረው ሆስፒታል የተጀመረ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛንያ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ እንክብካቤው ሕፃኑ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው እንደተወለደ ሲጀመር በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት 12 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት ግን 15.7 በመቶ ሞተዋል። ከሌላው ወገን በሊንዳ ኤይከን የተመራው የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው ጥናት፣ በ9 የአውሮፓ አገሮች በሚገኙ 300 ሆስፒታሎች፣ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ተጨማሪ ሕመምተኛ ሲጨመር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው በ30 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል፣ የባችለር ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ሲጨምር ደግሞ በ7 በመቶ ዝቅ እንደሚል አመልክቷል።

እነዚህ ጥናቶች በአቀስታም በመካነ ሰላምም አልተካሄዱም። የኤይከን ጥናትም ስለ ዶክትሬት የተናገረው የለም። ሁለቱ ተደምረው የሚነግሩን ግን አንድ ነገር አለ፤ የነርስ ሥራ በሕይወትና በሞት መካከል የሚለካ ልዩነት ያመጣል። ልዩነት የሚያመጣ ሥራ ደግሞ በራሱ ባለሙያዎች ሊጠና ይገባዋል። ስለ ማዋለጃና ስለ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ጥያቄው ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ከሆነ፣ የሚጠየቀው ከውጭ የሚታየው ብቻ ይሆናል።

የሙያው መንገድ በአገራችን

ነርስነት በኢትዮጵያ ከአልጋ ዳር እስከ ዶክትሬት የመጣበት መንገድ ረጅም አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርት ተከታትላ እ.ኤ.አ. በ1939 ብቁ ነርስ ሆነች። ከድል በኋላ ወደ አገሯ ተመልሳ በጤናው ሥራ ላይ ሳለች እ.ኤ.አ. በ1942 ለቀምት ላይ በወጣትነቷ ዐረፈች። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የሕመምተኛ ልብስ መለወጥንና ቁስል ማጠብን ክብር አድርጋ መማሯ ለዘመኑ ትልቅ ትምህርት ነበር።

ከዚያ በኋላ በ1940ዎቹ በቀይ መስቀልና በሆስፒታሎች ሥር የነርስ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የጤና መኮንን፣ የኮሚዩኒቲ ነርስና የሳኒቴሪያን ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። ዲፕሎማው በዲግሪ፣ ዲግሪውም በማስተርስ እየተከተለ መጣ። በዶክትሬት ደረጃ ግን የአገራችን ነርሶች ለረጅም ጊዜ የራሳቸው በር አልነበራቸውም። አንዳንዶች በሕዝብ ጤና ትምህርት ክፍል ገብተው ተማሩ፤ አንዳንዶች ውጭ አገር ሄዱ፤ ሌሎች ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ አዲስ አበባ በከፈተው ማእከል አማካይነት ከሥራቸው ሳይለዩ በጤና ጥናት ዘርፍ ዶክትሬታቸውን አገኙ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በአገር ውስጥ በነርሲንግ የዶክትሬት ትምህርት ይሰጣል።

ይህ ታሪክ አንድ አሻራ ጥሎብናል። የቀደሙት መምህሮቻችን በሌላ ትምህርት ክፍል ቤት ተጠግተው ስለተማሩ፣ የምርምር ልማዳችን በአብዛኛው የሕዝብ ጤናን መልክ ይዟል። መጠይቅ ይዘን ወጥተን «የእናቶች ዕውቀት፣ አመለካከትና ድርጊት» እንለካለን፤ የስርጭት መጠንና ተያያዥ ምክንያቶችን እናሰላለን። ይህ ዐይነት ጥናት ጥቅም የለውም አልልም። ነገር ግን እናቲቱን ስለ ዕውቀቷ ስንጠይቅ፣ የእኛን ሥራ ሳንጠይቅ እናልፋለን። የማዋለጃ ክፍሉ ስንት ዲግሪ ነው? የሌሊቱ ተረኛ ለቀኑ ተረኛ ምን ነግሮ ነው የሚሄደው? ቁጭ ብለን የምንቆጥረው ይህንን መሆን ነበረበት። ፍሎረንስ ናይቲንጌልም የምትታወሰው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ በስኩታሪ ሆስፒታል ፋኖስ በመያዟ ብቻ አይደለም፤ ከጦርነቱ በኋላ ወታደሮቹ ከቁስል ይልቅ በበሽታ እንዳለቁ በአኃዝ ቈጥራ፣ በሥዕል አስደግፋ ለመንግሥቷ ስላቀረበች ጭምር ነው።

የነርስ ዕድገት ምንድን ነው?

ፓትሪሺያ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ የነርስን ዕድገት በአምስት ደረጃ ከፍላዋለች፤ ጀማሪ፣ የላቀ ጀማሪ፣ ብቁ፣ የበሰለና ሊቅ። ጀማሪው በደንብ ቁጥር ይመራል። ሊቁ ግን ገና ከበር ሲገባ «ይህ ሕፃን አላማረኝም» ይላል፤ ለምን እንዲህ እንዳለ ወዲያው ማስረዳት ላይችል ይችላል። ብዙ ዓመት በአንድ ዋርድ የቆዩ ነርሶችን ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። የሕፃኑ አለቃቀስ፣ የእግሩ ቅዝቃዜ፣ የአጠባቡ መድከም ሳይቆጠሩ ተደምረው ይነግሯቸዋል።

በእኔ አስተያየት ዶክትሬት ስድስተኛ ደረጃ አይደለም። ዶክትሬት ያለው ሁሉ ከሊቋ ነርስ የሚበልጥ ከመሰለን ተሳስተናል፤ የሃያ ዓመት ልምድ ያላት ዲፕሎማ ነርስ እኔ የማላየውን ታያለች። የዶክትሬቱ ድርሻ ሌላ ነው። እርሷ የምታየውን፣ ነገር ግን ልትናገረው ያልቻለችውን፣ ሌላው ሊማረውና ሊፈትነው በሚችል ቋንቋ ማውጣት ነው። «አላማረኝም» የሚለውን ወደ ምልክት፣ ምልክቱን ወደ መለኪያ፣ መለኪያውን ወደ ሌሊት ተረኛው ወረቀት ማድረስ ነው። የእርሷ ዕውቀት በጡረታዋ ቀን አብሯት እንዳይሄድ ማድረግ ነው።

እንግዲህ በዶክትሬት መንገድ የሚያድግ ነርስ ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛው እጁ ከሥራው እንዳይለይ፤ ሁለተኛው ራሱን ለመጠራጠር እንዲደፍር። ሁለተኛው ከፊተኛው ይከብዳል። የቆዩ ካርዶችን ሳገላብጥ በራሴ ፊርማ ሥር ባዶ ቦታ ማየቴ በክፍል ውስጥ ከተማርኩት የምርምር ዘዴ ሁሉ ይልቅ አስተምሮኛል።

ሁለት ተቃውሞዎች

ለዚህ አስተያየት የሚቀርቡ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች አሉ። ሁለቱንም ከባልደረቦቼ አንደበት ሰምቻቸዋለሁ።

የመጀመሪያው «ጓንትና ውኃ በማይሟላበት ቦታ የዶክትሬት ነርስ ምን ይሠራል?» የሚል ነው። ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታል በተዘረፈ ጊዜ፣ ከምዕራቡ ደጋ ሕመምተኛን ወዴት እንላክ የሚለው ጥያቄ የዕለት ጭንቀት ነበር፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ምርምር መናገር ቅንጦት ይመስላል። ሆኖም እጥረት ባለበት ቦታ ነው ምርጫ የሚከብደው። ያለው ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ሲበቃ፣ ማሞቂያ ይገዛ ወይስ ለእናቶች ማቀፊያ አልጋና ወንበር ይዘጋጅ የሚለውን የሚመልስ ማስረጃ ያስፈልጋል። የቦጎታው ዘዴ ራሱ የእጥረት ልጅ ነው። ሀብታም ስሕተቱን በገንዘብ ይሸፍናል፤ ድኻ ግን የሚሠራውን አጥርቶ ማወቅ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይነካኛል። «የተማረው ሁሉ ይሄዳል፤ ለቀሪው ሥራ ብቻ ይጨመርበታል» ይላል። እውነት ነው። እኔም ትምህርቴን ስጀምር ከሌሊት ተራው ስሜ ወጣ፤ የእኔን ሌሊቶች የተካፈሉት ከእኔ ያነሰ ደመወዝ የሚያገኙ ጓደኞቼ ናቸው። በሠራሁባቸው ሆስፒታሎች ውስጥ ዶክትሬት ላለው ነርስ በአልጋ ዳር የተዘጋጀ የሥራ መደብ አላየሁም። ያለው ምርጫ ወይ ማስተማር፣ ወይ ቢሮ፣ ወይ ከተማ ካለ ድርጅት መቀጠር ነው። ሰው የሚሄደው ሙያውን ስለጠላ ብቻ አይደለም፤ የሚቆምበት ወንበር ስለሌለ ነው። ስለዚህ ተቃውሞውን አልክደውም። ክሱ ግን በትምህርቱ ላይ ሳይሆን በአደረጃጀታችን ላይ መቅረብ አለበት እላለሁ።

ደጋው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

ለዶክትሬት የሚሆን ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአምባ ፈሪት ብርድ በሚነፍስበት በዚህ አገር ሊጠኑ ከሚገባቸው ጥቂቶቹን ላንሣ።

አንደኛው የሕፃናት ሙቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጨቅላ ሕፃን ጤናማ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆኑን፣ የማዋለጃ ክፍልም ከ25 ዲግሪ ማነስ እንደሌለበት፣ ገላ ማጠብም ለ24 ሰዓት መቆየት እንዳለበት ይመክራል። በክረምትና በኅዳር የደጋ ማዋለጃ ክፍሎቻችን ስንት ዲግሪ ናቸው? ሕፃኑ ከጤና ጣቢያ እስከ ሆስፒታል በሚጓዝበት ጊዜ ሙቀቱ በየት ላይ ይወርዳል? በርኖስና ባና የሚሠራ ሕዝብ ባለበት አገር፣ በመንገድ ላይ እናትና ሕፃንን ገላ ለገላ አጣብቆ በዚያ ላይ መጠቅለል ምን ያህል ይሠራል? ይህ ጥያቄ ከቴርሞሜትርና ከትዕግሥት በቀር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ሁለተኛው የኦክስጅን ጉዳይ ነው። አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ የጤነኛ ሰው የደም ኦክስጅን መጠን ከቈላው ሰው ዝቅ ይላል። ከአባይና ከበሽሎ ሸለቆ የወጣ ሕፃንና ደጋ የተወለደ ሕፃን በአንድ ዋርድ፣ በአንድ መለኪያ ይታያሉ። ለየትኛው፣ መቼ ኦክስጅን እንደሚከፈት የምትወስነው ብዙ ጊዜ ተረኛዋ ነርስ ናት። ሲሊንደሩ አንድ ሲሆን ውሳኔው የነፍስ ውሳኔ ነው።

ሦስተኛው ቅሬው ነው። በወሎ ቅሬ ሲባል ቀብር ብቻ አይደለም፤ ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ የሚያደርሰውም እርሱ ነው። ተሸካሚዎቹ በመንገድ ላይ ለእናቲቱ ምን ያደርጉላታል? ሁለት ሰዓት ሥልጠና ቢያገኙ ምን ይለወጣል? ከቤት ሲነሡ ወዳጃ የሚያደርጉ፣ ጠበል የሚያስቀድሙ ቤተ ሰቦችን ሳናሳፍር፣ ጊዜ ሳይባክን እንዴት አብረን መሥራት እንችላለን? ይህንን መጠይቅ ብቻ አይመልሰውም፤ ቡናው ላይ ተቀምጦ መስማት ያስፈልጋል።

አራተኛው የርክክብ ነገር ነው። ከሌሊት ወደ ቀን፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት የሚተላለፈው ቃል የት ላይ ይጠፋል? እናት ስትወጣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ይዛ ከመሄድ ምን ትጠቀማለች?

ምን ይደረግ?

ሐሳቤን በጥቂት ምክረ ሐሳብ ልቋጭ። ለዩኒቨርሲቲዎቻችን፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለው፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ካምፓሶቹ በዚሁ ደጋ መካከል ተቀምጧል። የዶክትሬት ዕጩ ነርስ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን በዋርድ እንዲሠራ፣ ይህም እንደ ሥራ እንዲቈጠርለት ቢደረግ ከመምህርነቱም ከምርምሩም የሚጐድል የለም። የመመረቂያ ጽሑፍም በእንግሊዝኛ ለፈታኞች ከመቅረቡ ጋር፣ በአማርኛ በሁለት ገጽ ተጠቅሎ መረጃው ለተሰበሰበበት ዋርድ እንዲመለስ ግዴታ ይሁን። መረጃ ሰጥቶ መልስ ያልሰማ ተቋም ለሚቀጥለው ተመራማሪ በሩን አይከፍትም።

ለሆስፒታሎች፦ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል በጋራ የሚከፍሉት፣ ግማሽ ጊዜው በአልጋ ዳር ግማሹ በምርምርና በማስተማር የሚያልፍ የነርስ መደብ ይፈጠር። በአንድ ሆስፒታል አንድ ይበቃል። ተማሪው ሄዶ የተረፈውን ተራ ለሚሸፍኑትም ድካማቸው በጽሑፍ ይታወቅላቸው፤ ስማቸው በሚታተመው ሥራ ላይ ይጠቀስ፤ ቀጣዩ የትምህርት ዕድል ለእነርሱ ይቅደም።

ለወጣት ነርሶች፦ ዶክትሬት ከማሰባችሁ በፊት አንድ ደብተር ግዙ። በተራችሁ ያልገባችሁን አንድ ነገር በየሌሊቱ ጻፉበት። ከዓመት በኋላ ያው ጥያቄ ደጋግሞ ከመጣ ርእሳችሁ እርሱ ነው። ካልመጣ ደግሞ ማዕረጉን ለማዕረግ ብላችሁ አትድከሙ፤ መልካም ነርስ ሆኖ መኖር በራሱ ሙሉ ሕይወት ነው።

ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ደጋው ስመለስ እናቶች አሁንም «ሲስተር» ብለው እንደሚጠሩኝ አውቃለሁ። አላርማቸውም። በዋርድ ውስጥ «ዶክተር» የሚለው ስም ሐኪሙ ማን እንደሆነ እንዳያሳስት ብዬ ብቻ አይደለም፤ «ሲስተር» ብላ የጠየቀችኝ እናት የጠየቀችው ነርሷን ስለነበረ ነው። ያን ሌሊት ዝም ያልኳትን፣ አንድ ቀን ለሌላ እናት «አዎን ብርዱ ነበር፤ ስለዚህ ለሚቀጥለው ልጅሽ ይህን እናደርጋለን» ብዬ በእርግጠኝነት መመለስ ከቻልኩ፣ ዶክትሬቱ ሥራውን ሠርቷል።